ስለ ማይክሮሰርቪስ ባለቤትነት የተሰጠ ዲስኩር



ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ እናገርበት ዘንድ የመረጥሁት ጉዳይ፥ አንድ ታላቅ ሶፍትዌር ማይክሮሰርቪስ በሚባሉ ታናናሽ አገልግሎቶች ተከፍሎ በብዙ ቡድኖች እጅ ሲሠራ፥ እያንዳንዱ አገልግሎት የማን ነው፥ በተበላሸም ጊዜ የሚጠየቅበት ማን ነው የሚለው ነው። ብዙዎች ይህን አከፋፈል የኮምፒውተር ጥበብ ብቻ አድርገው ይመለከቱታል፤ እኔ ግን አስቀድሞ የሰዎች ሥርዓት ነው ብዬ አምናለሁ።

ሜልቪን ኮንዌይ የተባለው አሜሪካዊ የኮምፒውተር ሊቅ፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ሌሎቹንም ዓመታት በዚሁ እጠራለሁ) በ1968 ዓ.ም. ዳታሜሽን በተባለው መጽሔት ላይ፥ ማናቸውም ድርጅት የሚነድፈው ሥራ የዚያኑ ድርጅት የመነጋገሪያ ሥርዓት መስሎ እንደሚወጣ ጽፎ ነበር፤ ፍሬድ ብሩክስ የተባለው ጸሐፊም በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ ሐሳቡን የኮንዌይ ሕግ ብሎ ጠራው። እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ከሆነ፥ አገልግሎቱን ከመክፈል በፊት ሰዎቹን ማደራጀት ይገባል፤ የቡድኖቹን ድርሻ ሳይለይ ኮዱን ብቻ የከፋፈለ ድርጅት፥ ቀድሞ በአንድ ስፍራ የነበረውን ውስብስብነት በኔትወርክ ላይ ከመበተን በቀር ያተረፈው የለም።

የአማዞን የቴክኖሎጂ ዋና ኃላፊ ቨርነር ቮገልስ በ2006 በሰጡት ቃለ ምልልስ፥ በኩባንያቸው አገልግሎቱን የሠራው ቡድን ራሱ በሥራ ላይ እንደሚያስተዳድረው ገልጸዋል። የዚህ ሥርዓት ኃይሉ ከቅጣት የሚመጣ አይደለም። የጻፈውን ኮድ ለሌላ ክፍል አስረክቦ የሚሄድ ሰው፥ ሥራው በተጠቃሚው ዘንድ የሚያደርሰውን ችግር አያይም፤ አገልግሎቱ በእኩለ ሌሊት ሲቆም የሚጠራው እርሱ ራሱ ከሆነ ግን፥ ስሕተትን የሚያስታውቅ መልእክት ግልጽ ሆኖ መጻፉን፥ የቀድሞውን እትም በቶሎ መመለስ መቻሉን፥ ገና ኮዱን ሲጽፍ ያስባል።

ባለቤትነት ከሁሉ ይልቅ የሚፈተነው በዳታቤዝ ላይ ነው። የሽያጭ ቡድንና የሒሳብ ቡድን አንዱን ሰንጠረዥ በቀጥታ የሚያነቡና የሚጽፉ ቢሆኑ፥ አንደኛው የአንዲት ዓምድ ስም በለወጠ ዕለት፥ የሁለተኛው አገልግሎት ምንም ሳያጠፋ ይወድቃል፤ ሁለቱም ምክንያቱን ፍለጋ ሲደክሙ ይውላሉ። ስለዚህ መረጃው የአንድ አገልግሎት ብቻ ይሁን፤ ሌላው ሁሉ በታወቀ ውል፥ ኤፒአይ በሚሉት መንገድ፥ ይጠይቅ።

ይህን ስል እያንዳንዱ ቡድን አጥር አጥሮ ሌላውን ይከልክል ማለቴ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ደብሩ የምእመናን ሁሉ ሲሆን፥ ንዋየ ቅድሳቱን ተረክቦ የሚጠብቀውና ስለ ጎደለው የሚጠየቀው ግን ቄሰ ገበዙ ነው፤ ምእመኑ መባ ከማምጣት አይከለከልም፥ ያመጣውን ተቀብሎ በየስፍራው የሚያኖረው ግን ገበዙ ነው። እንደዚሁም የሌላ ቡድን ኢንጂነር የሚያስፈልገውን ማሻሻያ ጽፎ ቢያቀርብ መልካም ነው፤ መርምሮ የሚያጸድቀው ግን ከዚያ በኋላ ሸክሙን የሚሸከመው ባለቤት ይሁን።

አገልግሎትን በመከፋፈልም ልክ ማወቅ ያሻል። ሴግመንት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2018 እንደ ገለጸው፥ ከ140 በላይ የደረሱት አገልግሎቶቹ የኢንጂነሮቹን ጊዜ በጥገና ብቻ ስለ ፈጁበት መልሶ ወደ አንድ ሰብስቧቸዋል። ኡበር ደግሞ በ2020 ወደ 2,200 የሚጠጉ አገልግሎቶቹን በየዘርፋቸው ማቧደኑን አስታውቋል። በዚያው ዓመት ስፖቲፋይ ለሁሉ በነጻ የለቀቀው ባክስቴጅ የተባለው መዝገብ፥ የየአገልግሎቱ ባለቤት ተለይቶ የሚጻፍበት ነው፤ እኔም ይህን መሰል መዝገብ የሌለው ድርጅት ሌላ አገልግሎት ከመጨመሩ በፊት መዝገቡን እንዲያበጅ አጥብቄ እመክራለሁ።

በመዝገቡም የሚጻፈው የቡድን ስም ይሁን፥ የአንድ ሰው አይሁን፤ ሰው ሥራ ይለቃልና። ቡድኑም ራሱ የሚፈርስ በሆነ ጊዜ፥ ተረካቢው ቡድን ቢያንስ አንድ እትም በገዛ እጁ ወደ ሥራ ሳያስገባና የሌሊቱን ጥሪ ሳይቀበል፥ ርክክቡ ተፈጽሟል ተብሎ በመዝገብ ሊሰፍር አይገባም።