ጉዱ ካሣና አክሊሉ ለማ፦ አርአያን ስለ መምረጥ



ተማሪዎቼን «አርአያችሁ ማን ነው?» ብዬ ስጠይቅ የዐፄ ቴዎድሮስን፣ የአበበ ቢቂላን፣ የኃይሌ ገብረ ሥላሴን ስም ይጠሩልኛል። «ከእርሱስ ምን ወሰዳችሁ?» ስል ግን ክፍሉ ጸጥ ይላል። የዛሬው ንግግሬ ስለዚህ ጸጥታ ነው። ማድነቅና መከተል አንድ አይደሉም። ጀግናን ከሩቅ ሆኖ ማድነቅ ይቻላል፤ አንድ ሰው አርአያ የሚሆነን ግን ከሥራው ጥቂቱን እንኳ እኛው መድገም ስንችል ነው። ለዚህ ሁለት ሰዎችን አቀርባለሁ፤ አንዱ በልብ ወለድ ብቻ የኖረ፣ ሌላው በሥጋ የኖረ።

የመጀመሪያው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ገጸ ባሕርይ ካሣ ዳምጤ ነው። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ታተመ፤ እኔ ግን ከማንበቤ በፊት ደልጊ ሳለሁ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሰማሁት። ሬዲዮ ያለበት ቤት ጥቂት ስለ ነበረ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ያዳምጥ ነበር። የመጽሐፉ ሰዎች ካሣን «ጉዱ ካሣ» ይሉታል። ጉድ ያሰኘው ግን እብደት አልነበረም። የመኳንንት ዘመድ ሆኖ ሳለ፣ ገበሬው የሚገዛበት ልማድ ሰው የሠራው ስለ ሆነ ሰው ሊያሻሽለው ይገባል በማለቱ ነበር። ደራሲው ራሳቸው መምህርና ዐርበኛ ነበሩ፤ በወረራው ዘመን ተማርከው በኢጣሊያ አገር ለዓመታት ታስረዋል። እንዲህ ያሉ ሰው በመጽሐፋቸው ውስጥ እጅግ የነቃውን አእምሮ የሰጡት ማንም ለማይሰማው ሰው መሆኑ ሊያሳስበን ይገባል።

ሁለተኛው ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዐድዋ ላይ ስለ ቢልሃርዝያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው ውኃ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አዩ። ሴቶቹን ጠየቁ። ሕይወት ያላቸውን ቀንድ አውጣዎች ሰብስበው የእንዶዱን አረፋ ጨመሩባቸው፤ ሞቱ። ከዚያ በኋላ ያለው የረጅም ዓመታት የቤተ ሙከራ ድካም ነው። ከአፍሪካ የመጣ ዕውቀት በውጭ ተቋማት ዘንድ አመኔታ እስኪያገኝ ብዙ ታግለዋል። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ።

«ልብ ወለድን ከታሪክ እንዴት ታስተካክላለህ?» የሚለኝ ይኖራል። አላስተካክልም፤ ሁለቱ የሚያስተምሩን የተለያየ ነው። የሕይወት ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው ሰውየው ከተሳካለት በኋላ ስለ ሆነ ፍሬውን ያጎላል። ልብ ወለድ ግን ማሰብ የሚያስከፍለውን ዋጋ፣ መሳቂያ መሆንንና ብቸኝነትን፣ ከውስጥ ያሳየናል። ካሣ ዳምጤ መጠየቅን አስተማረኝ። ይሁን እንጂ የእርሱ ጥያቄ አጋር አላገኘም። አክሊሉ ለማ ጥያቄያቸውን ወደ ሥራ የለወጡት የሌላውን ሰው ዕውቀት ስላከበሩ ነው። በሽልማቱ ስማቸው ያልተጠራው የዐድዋ ልብስ አጣቢዎችም ከአርአያዎቼ ይቆጠራሉ።

ይህ ነገር ለእኛ ሩቅ አይደለም። ከባሕር ዳር ተነሥቶ በደልጊ አድርጎ ወደ ጎርጎራ በጣና ጀልባ የተጓዘ ሁሉ፣ በየወደቡ ሲዋኙ የሚቀበሉትን ልጆች ያውቃል። የቢልሃርዝያ ጥገኛ ተውሳክ ከቀንድ አውጣው ወጥቶ በቆዳቸው ዘልቆ የሚገባው በዚያው ውኃ ውስጥ ነው። በልጅነቴ እንዶድ እናቶቻችን ጋቢ የሚያጥቡበት ነበር፤ ቀንድ አውጣውም በሐይቁ ዳር ነበር። በመካከል የጎደለው ሁለቱን የሚያገናኝ ጥያቄ ነው። በሽታው ዛሬም ከጣና ዳር አልጠፋም። አክሊሉን ማክበር ማለት ስማቸውን በአዳራሽ መጥራት ብቻ ከሆነ፣ ያ ልጅ ምንም አልተጠቀመም።

ስለዚህ ተማሪዎቼ፣ ለጥናት ወደ ሐይቁ ዳር ስትወርዱ መጠይቃችሁን ከመዘርጋታችሁ በፊት ውኃ የሚቀዱትን፣ ልብስ የሚያጥቡትን፣ ዓሣ የሚያጠምዱትን አዳምጡ። የምታዩት ነገር ካልገባችሁ ቢሳቅባችሁም ጠይቁ። የጠየቃችሁትንም በሥራ ፈትኑ። ከሁለቱ አርአያዎቼ የትኛውም ተማሪ ነገ ጠዋት ሊደግመው የሚችለው ይህንን ነው።