ሰበካ ጉባኤውና የክረምቱ ረኃብ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ አንድ ሰበካ በአጥቢያው ያለውን ረኃብ ለመከላከል ምን ሊያደርግ ይችላል የሚል ነው። ረኃብ በተባለ ጊዜ የብዙዎቻችን ሐሳብ ወዲያው ወደ 1966ቱ የወሎ ዕልቂትና ወደ 1977 ዓ.ም. ይሄዳል። እንዲህ ያለውን መቅሠፍት አንድ ደብር ብቻውን ሊመክተው አይችልም፤ ሰላምን፥ መንገድን፥ የመጠባበቂያ እህልንና ኃላፊነቱን የሚያውቅ መንግሥትን የሚጠይቅ ነው። ዛሬ የምናገረው ግን ስለ ሌላው ረኃብ ነው፤ ይኸውም ዜና ስለማይሆነው፥ በየዓመቱ ሰኔ ሲያልቅ ገብቶ እሸት ሲደርስ ስለሚወጣው ረኃብ ነው።

የዚህ ረኃብ አካሄድ ለሞያችን ሰዎች እንግዳ አይደለም። ገበሬው በታኅሣሥና በጥር ለግብር፥ ለማዳበሪያ ዕዳ፥ ለልጆች ልብስና ለሠርግ ሲል እህሉን ያወጣል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚያወጣ ዋጋው ይወድቃል። ሐምሌ ሲገባ ያንኑ እህል ከገበያ በውድ ዋጋ መልሶ ለመሸመት ይገደዳል። በመጀመሪያ የቀኑ ምግብ ከሦስት ጊዜ ወደ ሁለት ይወርዳል፤ ቀጥሎ ዶሮዋና በጓ ይሸጣሉ፤ ከዚያም እህል በአራጣ ይበደራል፤ ሐምሌ ላይ የወሰደውን አንድ ኩንታል በአውድማው ላይ በአንድ ተኩል፥ አንዳንድ ጊዜም በሁለት ይመልሳል። ይህም ካልበቃው በሬው ወደ ገበያ ይነዳል።

በዚህ በበሬው ነገር ላይ ጥቂት ልቆይ። ጥንድ የነበረው ሰው አንዱን ሲሸጥ መቀናጆ ፈላጊ ይሆናል፤ ሁለቱንም ያጣ እንደሆነ መሬቱን በእኩል ለሌላ ሰጥቶ የምርቱን እኩሌታ ብቻ ያገባል። በእኩሌታ ምርት የተያዘ ቤት ደግሞ የሚመጣውን ዓመት ረኃብ የሚጀምረው በሐምሌ ሳይሆን በሚያዝያ ነው። አያቶቻችን ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የደረሰውን ዘመን «ክፉ ቀን» ብለው የሰየሙት ዝናቡ ስለ ቀረ ብቻ አይደለም፤ የከብት ዕልቂት በሬውን ከቀንበር ሥር ስለ ወሰደው ነው። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምም እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1977 ያለውን ዘመን በመረመሩበት መጽሐፋቸው፥ ገበሬውን ለችጋር የሚያጋልጠው የዝናብ መጥፋት ብቻ ሳይሆን አስቀድሞ መጠባበቂያ የሌለው ሆኖ መቅረቱ መሆኑን አስረድተዋል። ስለዚህ በሐምሌ የተሰጠ አንድ ኩንታል እህል ምግብ ብቻ አይደለም፤ የአንድ በሬ ቤዛ ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ብዙ ቤተሰብ ደግፏል፤ ነገር ግን የማኅበረሰብ ሥራውና የሚከፈልበት ስድስት ወር በአብዛኛው ከጥር እስከ ሰኔ ያለው ነው። ክረምቱ ለራሱ የተተወ ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ሰበካው እንምጣ። የአንድ ገጠር አጥቢያ ሀብት ምንድን ነው? በ1965 ዓ.ም. በወጣው ቃለ ዐዋዲ መሠረት ካህናት፥ ምእመናንና ወጣቶች በአንድነት የሚቀመጡበት ሰበካ ጉባኤ አለ። ሰንበቴው አለ፤ አባሎቹ በየተራቸው ዳቦና ጠላ ይዘው መጥተው ከነዳያን ጋር ይቀምሳሉ። ወርኃዊው ማኅበር አለ፤ ዝክሩ አለ፤ ተዝካሩ አለ። ሕዝባችን መስጠት አልተቸገረም። የተቸገርነው በጊዜው ነው። ትልልቁ ድግስ፥ ንግሡም ሠርጉም የሚበዛው ጎተራው ሙሉ በሆነበት በጥር ነው፤ በዚያ ወር ያጣ የተባለውም ቢሆን ቢያንስ ቃርሚያ አያጣም። ሐምሌና ነሐሴ ሲደርሱ ግን ሰጪውም ለራሱ መስፈር ይጀምራል። ዮሴፍ በግብፅ ምድር ከጥጋቡ ዓመታት አዝመራ አምስተኛውን እጅ አስቀምጦ ለክፉው ዘመን ማቆየቱን በየቤተ ክርስቲያናችን ስንሰማ ኖረናል፤ ከወንበራችን ስንነሣ ግን ታሪኩን ለፈርዖን ትተንለት እንሄዳለን።

የኔ አሳብ እንግዲህ አጭር ነው። ሰበካው በአውድማ ጊዜ እህል ይሰብስብ፤ በክረምት ያውጣ።

ስንት ይበቃል ለሚል ጠያቂ አብረን እናስላ። በዕርዳታ ሥራ የተለመደው መስፈሪያ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ነው። አምስት ነፍስ ላለው ቤት በወር 75፥ በሦስቱ የክረምት ወራት 225 ኪሎ ይሆናል። አጥቢያው 300 አባወራና እማወራ አለው እንበል፤ እያንዳንዱ ቤት በአውድማው ላይ 10 ኪሎ ቢሰጥ 30 ኩንታል ይገኛል። ይህ 13 ቤቶችን ክረምቱን በሙሉ ይመግባል፤ የጎደላቸውን እኩሌታ ብቻ መሙላት ለሚበቃቸው ከሆነ 26 ቤቶችን ያሻግራል። በብዙ አጥቢያ በሬውን ለመሸጥ ጫፍ ላይ የደረሰው ቤት ከዚህ ብዙ አይርቅም። የሚሠራ ጉልበት ለሌላቸው ሽማግሌዎች፥ ለድኩማንና ለሕሙማን እህሉ ስጦታ ይሁን፤ መሬትና ጉልበት ላለው ግን ያለ ወለድ፥ ቁና ለቁና የሚመለስ ብድር ቢሆን ይሻላል። ብድሩ ተቀባዩን አያሳፍርም፤ ጎተራውም ለከርሞ ባዶ አይሆንም።

ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ከተዝካሩ ድግስ ላይ ጥቂት ቁና ተቀንሶ ወደ ጎተራው ይግባ ስንል፥ ከተዝካሩ የሚቋደሱት ካህናት ቅር ሊላቸው ይችላል። ይህን እንደ ስስት አድርገን መመልከት አይገባንም፤ የገጠር ካህን ራሱ አራሽ ነው፥ እርሱም በሐምሌ ይሸምታል። ከየኔታ እግር ሥር የተቀመጠው የቆሎ ተማሪ ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚራብ ነው፤ በክረምት በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ቢል የሚያገኘው ቁራሽ እያነሰ ይሄዳል። እንግዲህ ጎተራው የካህናቱና የተማሪዎቹም ጎተራ መሆኑ ከመጀመሪያው ይነገር።

ስለ እህሉ አያያዝ ደግሞ የኛ ሞያ የሚናገረው አለ። ለስድስትና ለስምንት ወር ለሚቀመጥ እህል ጤፍና ዳጉሳ ይመረጣሉ፤ ነቀዝ ብዙም አይደፍራቸውም። በቆሎ፥ ማሽላና ባቄላ ግን በደንብ ካልደረቁ በፋሲካ ዱቄት ሆነው ይገኛሉ። የእህሉ እርጥበት ከመቶ 13 በታች መሆን አለበት። መለኪያ መሣሪያ በሌለበት፥ በደረቅ ጠርሙስ ውስጥ እህሉንና ደረቅ ጨው ጨምሮ መነቅነቅ፥ ጥቂት ጊዜም ማቆየት ይበቃል፤ ጨው በጠርሙሱ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ወደ ፀሐይ መመለስ አለበት። ውስጡ ሁለት ፕላስቲክ፥ ውጪው ማዳበሪያ የሆነው አየር የማያስገባ ከረጢትም ነቀዙን ያለ መድኃኒት አፍኖ ይገድለዋል። የነቀዝ ኪኒን ሰው በሚያድርበት ቤት ፈጽሞ አይግባ፤ የሚያወጣው ጋዝ ይገድላል፥ በደብሩ ዕቃ ቤት ደግሞ ማደሪያ ያጣ ተማሪ ሊተኛ ይችላል። ቁልፉ እንደ ሙዳየ ምጽዋቱ በአንድ ሰው እጅ አይሁን።

ከእህሉ አያያዝ ይልቅ የሚከብደው ማን እንደተራበ ማወቅ ነው። በደጀ ሰላሙ የሚቀመጠውን ነዳይ ሁሉም ያየዋል። የማይታየው ባለ ቤቱ ነው፤ ነጠላውን አጥቦ ለብሶ ቅዳሴ የሚያስቀድሰው፥ ሲጠይቁት «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚለው፥ ቤቱ ግን ምጣድ ከተጣደ ሦስት ቀን የሆነው ሰው ነው። ይህን ሰው ተሰልፈህ ተቀበል ብንለው በሬውን ሸጦ ይቀራል እንጂ አይመጣም። ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው አለ፤ የንስሐ አባቱ ነው። በየቤቱ ጠበል ሊረጭ ይገባል፤ የቀዘቀዘ ምድጃ ያያል፤ የልጁን ፊት ያያል። ጉባኤው ስም እንዲነግረው ሳይጠይቅ፥ ይህን ያህል ኩንታል በአንተ እጅ ይውጣ ብሎ ሊያምነው ይገባል። በዐውደ ምሕረት የሚነበበው የገባውና የወጣው መጠን እንጂ የተቀባዩ ስም አይሁን። በእርግጥ የንስሐ አባትም ሰው ነው፤ ያደላል የሚል ሥጋት ይኖራል። ሐዋርያትም መበለቶች በዕለቱ ምግብ ተዘነጉ የሚል ማጉረምረም በደረሰባቸው ጊዜ ሥራውን አላቋረጡም፤ መልካም ምስክር ያላቸው ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አደረጉ። ከሴቶች ማኅበር ሁለት የታመኑ እናቶች ከካህናቱ ጋር ቢመደቡ አድልዎውም ይቀንሳል፥ ያልታየውም ቤት ይታያል።

ጊዜውን ቤተ ክርስቲያን ራሷ አዘጋጅታዋለች። ጾመ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ ለ15 ቀናት ይዘልቃል፤ ሕዝቡ በየቀኑ በቅጥሩ ውስጥ ነው፤ ወሩም የረኃቡ እምብርት ነው። ሰው በሚበዛበት መካከል አንዲት እናት እህል ተሸክማ ብትወጣ ማንም ልብ አይላትም። በዚሁ ጾም ካህናቱ ሊያስተምሩት የሚገባ አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ሰባት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ጾም የለበትም፥ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትም በንስሐ አባቷ ፈቃድ ትታገሣለች። ብዙ እናቶች ግን ቤቱ እየጾመ ለልጅ ወተትና ዕንቁላል ማቅረብ ነውር ይመስላቸዋል። ይህን የጤና ባለሞያ አሥር ጊዜ ቢናገር የንስሐ አባት አንድ ጊዜ እንደተናገረው አይሆንም።

በወሎ ባሉ ቀበሌዎች ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ቅሬ ይቀባበራሉ፤ እዚያ የሰበካው ጎተራ ከቅሬው ጋር ካልተመካከረ ግማሹን ጎረቤት ሳያይ ይቀራል። በበልግ የሚታረስባቸው ደጋዎች ደግሞ የረኃቡ ወር ሌላ ስለሆነ የመሰብሰቢያውና የማውጫው ጊዜ በዚያው ልክ ይቀየራል። የከተማው ነገር ኪራይና ገበያ ያለበት ስለሆነ ለብቻው ሊታይ ይገባዋል።

ከማኅበራችን አባሎች የሚፈለገው ብዙ አይደለም። እያንዳንዳችን በተመደብንበት ወይም በተወለድንበት ወረዳ አንድ ሰበካ እንምረጥ። ለዕቃ ቤቱ ከመሬት ከፍ ያለ የእንጨት ርብራብ እንሥራለት፤ የጨውና የጠርሙሱን ሙከራ ለሁለት ወጣቶች እናሳያቸው፤ የገቢና የወጪ መዝገብ እናስምርላቸው። ውቂያው በብዙ ስፍራ ከኅዳር መጨረሻ በኋላ ስለሚጀምር፥ ከሰበካ ጉባኤው ጋር የሚደረገው ንግግር በጥቅምት ማለቅ አለበት፤ እህሉ አንድ ጊዜ ገበያ ከወረደ በኋላ የሚሰበሰብ ነገር አይኖርም።