መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላ በሽተኛውን ማን ይጠብቃል?

(በሐረር በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ስለ ካንሰር መድኃኒት፣ ይልቁንም መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላ ስለሚመጣው ትኩሳት ጥቂት ቃል ለማሰማት ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከመርዝ ነው። በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣልያ አውሮፕላኖች በሰሜንም በኦጋዴንም ግንባር በአባቶቻችን ላይ የሰናፍጭ ጋዝ ማዝነባቸውን ሁላችንም እናውቃለን። ይህ ጋዝ ቆዳን ከማቃጠሉ ሌላ የአጥንትን መቅኒ አዳክሞ ነጭ የደም ሕዋሳትን እንደሚያጠፋ ሐኪሞች ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ጀምሮ አስተውለው ነበር። ከዚህም በመነሣት በአሜሪካ የዬል ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት የመርዙ ዘመድ የሆነውን ናይትሮጅን መስተርድ በ1934 ዓ.ም. በሊምፍ ካንሰር ለተያዘ ሰው በደም ሥሩ ሰጡት። ዕብጠቱ ሟሸሸ፤ ነገር ግን የሰውየው ነጭ የደም ሕዋሳት አብረው አለቁ፤ ካንሰሩም ተመልሶ መጣ። ዛሬ የምንሰጠው ሳይክሎፎስፋማይድ የዚያው መድኃኒት ልጅ ነው።

አሠራሩም እንዲህ ነው። ሳይክሎፎስፋማይድ የሕዋሱን ዲ ኤን ኤ ሁለት ክሮች እርስ በርስ ያስራቸዋል፤ ቪንክርስቲን ደግሞ ሕዋሱ ለሁለት ሲከፈል ክሮሞሶሞቹን የሚጎትቱትን ቀጫጭን ክሮች ያፈርሳል። እንግዲህ መድኃኒቱ የሚመታው ቶሎ ቶሎ የሚራባውን ሕዋስ ነው እንጂ ካንሰርን ለይቶ አያውቅም። የጠጉር ሥር፣ የአፍና የአንጀት ሽፋን፣ መቅኒውም አብረው ይጎዳሉ። የረገፈ ጠጉር ይበቅላል፤ ማስታወክም በመድኃኒት ይታገሣል። እጅግ የሚያሠጋው የመቅኒው መዳከም ነው።

በመኝታ ክፍል ውስጥ ያለብን ሥራ የታወቀ ነው። ዶክሶሩቢሲን ከደም ሥር ውጭ ከፈሰሰ ሥጋን ያበሰብሳል። ስለዚህ በሽተኛው «አቃጠለኝ» ሲል ወዲያው ማቆም፣ መርፌውን ሳይነቅሉ የቀረውን በስሪንጅ መምጠጥ፣ ሐኪምም መጥራት ይገባል። ሽንትና ትውከትም ለሁለት ቀን ያህል መድኃኒት ስላለባቸው ያለ ጓንት አይነኩም፤ ነፍሰ ጡር አስታማሚም ልትርቅ ይገባታል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን በሽተኛው ከተሰናበተ በኋላ ያለው ነው። ነጭ የደም ሕዋሳት እጅግ የሚያንሱት ብዙውን ጊዜ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። ጥንት የጀጎል በሮች ማታ ማታ እየተዘጉ ከተማዋ ትጠበቅ ነበር፤ በእነዚህ ቀኖች ግን የበሽተኛው አካል በሩ ክፍት፣ ዘበኛውም የሌለ ነው። እርሱም በዚያን ጊዜ ያለው በባቢሌ ወይም በጉርሱም፣ በገዛ ቤቱ ነው። ሙቀቱ 38 ዲግሪ ሲያልፍ ቤተሰቡ «ወባ ነው» ይላል፤ ወባ ባለበት አገር ይህን ማለት አያስወቅስም። ፓራሲታሞል ይገዛለታል፤ ትኩሳቱ ይበርዳል፤ ኢንፌክሽኑ ግን አይበርድም። ነጭ ሕዋስ ስለሌለ ቁስሉ መግል እንኳ ላይቋጥር ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ሆስፒታል በደረሰ በአንድ ሰዓት ውስጥ አንቲባዮቲክ በደም ሥሩ ሊጀመርለት ሲገባ፣ «እስኪነጋ እንየው» ተብሎ ያደረ ሌሊት ነፍስ ያሳልፋል።

ስለዚህ እኛ የምናሳስበው አንድ ነገር ነው። ማንም በሽተኛ ይህን ቃል ሳይሰማ አይሰናበት፦ «እማማ፣ ገላዎ ከተኮሰ ወይም ብርድ ብርድ ካለዎት ሌሊትም ቢሆን ይምጡ፤ ገና ከበር ላይ ‹የካንሰር መድኃኒት እወስዳለሁ› ይበሉ።» ቀጥሎም «እስቲ ምን አልኩዎት?» ብለን እንጠይቅ። አማርኛ የማይሰማ ሰው «እሺ» ብሎ ራሱን ቢነቀንቅ ተረድቷል ማለት አይደለምና፣ ከመካከላችን ኦሮምኛ፣ ሱማሌኛና ሐረሪኛ የሚያውቅ ይህንኑ ቃል ለማያውቀው ጓደኛው ያስተምር። ይህ ገንዘብም መሣሪያም አይጠይቅም፤ ከዛሬ ማታ ጀምሮ ልንለማመደው እንችላለን።