ድጋሚ ትፈተን ወይስ ሪሚዲያል ትግባ?

እሱ፦ ደቡብ ኦሞ፣ ዲመካ ያለች፣ ሕግ ማጥናት የምትመኝ ተማሪ እናስብ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቷ ከ600 ግማሹን አልሞላም። ምን ትመክሪያታለሽ?

እሷ፦ መጀመሪያ አትፈሪ እላታለሁ። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ብቻ ነበሩ።

እሱ፦ እያደገ ነው፤ ስለዚህ ድጋሚ ትፈተን!

እሷ፦ ኧረ ቆይ! ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለሚሰጠው የሪሚዲያል (የአቅም ማሻሻያ) ትምህርት መቁረጫ ነጥብ ካገኘች ትግባ ባይ ነኝ።  እሱን ካለፈች አንደኛ ዓመት ትገባለች፤ የሕጉ ነገር ያኔ ይታያል።

እሱ፦ ሪሚዲያልም እኮ ፈተና አለው። እዚያ ብትወድቅስ? ድጋሚ ስትፈተን ቢያንስ የት እንደደከመች ታውቃለች፤ ሒሳብ ከሆነ ሒሳብ ላይ ትበረታለች።

እሷ፦ በማን አስጠኚ? የአዲስ አበባ ልጅ አስጠኚ ይቀጠርለታል። እሷን ቤት ውስጥ ከብትና ማሽላ ይጠብቋታል፤ ሴት ልጅ ዓመት ሙሉ ቤት ከዋለች ደግሞ ሽማግሌ መምጣቱ አይቀርም። ዩኒቨርሲቲ ቢያንስ ዶርምና ቤተ መጻሕፍት አለ።

እሱ፦ ይሄን አልክድሽም። መቁረጫውን ካላገኘችስ?

እሷ፦ ያኔማ ምን ምርጫ አላት? ለድጋሚ ፈተናው በግል ተፈታኝነት ትመዝገብ። ምዝገባው በኦንላይን ነው፤ የእኛን ኔትወርክ ታውቀዋለህ፣ የመጨረሻውን ቀን አትጠብቅ። ቀኑን ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አሁኑኑ ትጠይቅ።