ያልተጻፈውን አታንብቡ
(በእሁድ ስብሰባችን ላይ ስለ አንብቦ መረዳት ፈተና የተናገርኩት)

እህቶቼ፣ ባለፈው ስለ አይልትስ አስረጂን ብላችሁኝ ነበር። እኔ አስተማሪ አይደለሁም፤ ትምህርቴ አሥረኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። ግን ሁለት ጊዜ ተፈትኛለሁ፤ አንደኛው አልሆነልኝም፣ ሁለተኛው ሆኗል። ዛሬ የማወራው ስለ ንባቡ ክፍል ብቻ ነው፤ ጉድ የሠራኝ እሱ ነውና።

አይልትስ ቁጥር ነው የሚሰጠው እንጂ ወደቅሽ አይልም። እኔ በንባብ 5 ያስፈልገኝ ነበር፤ 4 መጣልኝ። ከአንድ ወር ደመወዜ በላይ ከፍዬ፣ ማዳሜን ስንት ቀን ለምኜ የወጣሁበት ፈተና! ማታ ኩሽና ውስጥ ቆሜ አለቀስኩ። በኋላ ግን ተረጋግቼ ሳስበው፣ እንግሊዝኛዬ ብቻ አልነበረም ጥፋቱ። አነባበቤም ነበር።

መጀመሪያ የምትፈልጉትን ቁጥር እወቁ። ለካናዳ የሚሆነው ጄኔራል የሚባለው ነው። ካናዳ ቋንቋን ሲኤልቢ በሚባል ደረጃ ትለካለች፤ በንባብ ደረጃ 4 ለማግኘት 3.5 ይበቃል፣ ለደረጃ 5 4፣ ለደረጃ 6 ደግሞ 5 ነው። ጥያቄው 40 ነው። ወደ 15 ያገኘች 4፣ ወደ 23 ያገኘች 5፣ ወደ 30 ያገኘች 6 ታመጣለች። አያችሁ? ሁሉንም መመለስ የለብንም።

ሰዓቱ 60 ደቂቃ ነው፤ ክፍሉ ሦስት። የመጀመሪያው ማስታወቂያና አጫጭር ጽሑፍ፣ ሁለተኛው የሥራ ነገር፣ ሦስተኛው አንድ ረጅም ጽሑፍ ነው፤ እየከበደ ይሄዳል። እኔ 15፣ 20፣ 25 ደቂቃ ብዬ ነው የከፈልኩት። በወረቀት ከሆነ መልሱን እዚያው በመልስ ወረቀቱ ላይ ጻፉ፤ በንባብ ለመገልበጫ ተብሎ የሚጨመር ሰዓት የለም።

አገር ቤት አሥረኛ ክፍል ስንፈተን ምንባቡን ከላይ እስከ ታች እያንዳንዱን ቃል በልባችን ወደ አማርኛ እየመለስን ነበር የምናነበው። እዚህ እንደዚያ ካደረጋችሁ ሰዓቱ ያልቃል። ማዳም ዝርዝር ሰጥታ ሱፐርማርኬት ስትልከን የመደርደሪያውን ዕቃ ሁሉ እያነሳን እናነባለን እንዴ? ዝርዝሩን አይተን፣ ወደ ቦታው ሄደን፣ የምንፈልገውን አንስተን እንወጣለን። ጥያቄው ዝርዝራችን ነው። ርዕሱን እዩ፣ ከዚያ ጥያቄውን አንብቡ፣ ከዚያ ወደ ምንባቡ ግቡ። ስም፣ ቁጥርና ቀን ቶሎ ዓይን ውስጥ ይገባሉ፤ በእነሱ ፈልጉ። ሌላው ቃል ግን ልብሱን ይቀይራል። ጥያቄው «ነጻ ነው» ሲል ምንባቡ «ክፍያ የለውም» ሊል ይችላል። ቃሉን ብቻ ሳይሆን ሐሳቡን ፈልጉ።

የማታውቁት ቃል ሲመጣ አትቁሙ። እኔ መጀመሪያ ስፈተን አንድ ቃል ላይ ተገትሬ ስንት ደቂቃ እንደበላብኝ! ጎረቤቶቹን ቃላት አንብባችሁ እለፉ። ትእዛዙንም አንብቡ፤ «አንድ ቃል ብቻ» ካለ ሁለት ቃል ስህተት ነው። ፊደል መሳሳትም ያስቀንሳል፤ ስለዚህ ከምንባቡ በጥንቃቄ ገልብጡ። ባዶ ቦታ ደግሞ አትተዉ፤ የተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀንስም።

አሁን ዋናው ጋ መጣሁ። ትሩ፣ ፎልስ፣ ኖት ጊቨን የሚባል ጥያቄ አለ፤ እውነት፣ ሐሰት፣ አልተነገረም ማለት ነው። እኔን ያዋረደኝ እሱ ነው። በምሳሌ ላሳያችሁ። ምንባቡ «ዓመት ፈቃድ የሚፈልግ ሠራተኛ ከአራት ሳምንት በፊት በጽሑፍ ያመልክት» ይላል እንበል። «ማመልከቻው በጽሑፍ መሆን አለበት» ቢባል እውነት ነው። «በስልክ መጠየቅ ይበቃል» ቢባል ሐሰት ነው፤ ምንባቡ ይቃረነዋል። «በፈቃድ ጊዜ ደመወዝ ይከፈላል» ቢባልስ?

ይኸው፣ ግማሻችሁ ሐሰት አላችሁ! እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ለምን? የራሳችንን ኑሮ ነው የምናነበው። «ማን ከፍሎን ያውቃል?» እንላለን። ወረቀቱ ግን ስለ ደመወዝ አላወራም። መልሱ አልተነገረም ነው። ፈታኙ ስለ እኛ ኑሮ ወይም ምን መሆን እንዳለበት አልጠየቀንም። እዚህ ወረቀት ላይ ምን ተጽፏል? ብቻ ነው የሚለው። ለእያንዳንዱ መልስ «የቱ መስመር ላይ ነው?» ብላችሁ ጣታችሁን አስቀምጡ። ይደግፋል? እውነት። ይቃረናል? ሐሰት። ጣት የምታስቀምጡበት ከሌለ፣ አልተነገረም።

ከዚያ በኋላ ማታ ማታ 20 ደቂቃ፣ ስልኬን ሰዓት አስሞልቼ ተለማመድኩ። በፈተናው ድረ ገጽ ላይ ነጻ ናሙና አለ። የሳሙናውን ካርቶን፣ የመድኃኒቱን ወረቀት በእንግሊዝኛው በኩል አነበብኩ፤ ፈተናው ላይ የሚመጣው ጽሑፍ ከዚህ አይርቅም። ሁለተኛ ስፈተን 5.5 አመጣሁ።

አንድ ነገር አደራ። በፈተናው ቀን የተመዘገባችሁበትን ፓስፖርት ራሱን ይዛችሁ መቅረብ አለባችሁ። ፓስፖርታችሁ አሠሪ እጅ ካለ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ይሄን ጨርሱ።

የመጨረሻው። ወደ ቤይሩት ስመጣ ደላላው «የእረፍት ቀን አለሽ፣ ስልክ ይፈቀድልሻል» ብሎኝ ነበር። ያስፈረሙኝን ወረቀት ማንበብ አልቻልኩም፤ ይነበብልኝም አላልኩም። ስደርስ ያለኝ የደላላው ቃል ብቻ ሆነ። አሁን ማንኛውንም ወረቀት ስቀበል ጣቴን አስቀምጬ «ይሄ የቱ ጋ ተጽፏል?» እላለሁ። በማላውቀው ቋንቋ ከሆነ የሚያነብልኝ ሳላገኝ አልፈርምም። ለካናዳ ብላችሁ ባትፈተኑም ይህቺን ያዙ።

የሚመጣው እሁድ አንድ ምንባብ አብረን እንሠራለን። እርሳስና ሰዓት ይዛችሁ ኑ። ፈጣሪ ያበርታን።