ስፓኒሽ ለመማር ወደ ሳላማንካ

ስፓኒሽ ለመማር ወደ ስፔን ለመሄድ ያሰባችሁ፣ ከሻንጣው በፊት ግሱን አዘጋጁ።

ሳላማንካን እንውሰድ። ዩኒቨርሲቲዋ በ1218 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ፣ የውጭ ተማሪ የማይጠፋባት ከተማ ናት። የቋንቋ ትምህርት ቤት ስትመርጡ የሴርቫንቴስ ኢንስቲትዩት እውቅና እንዳለው ጠይቁ። የስፔን መንግሥት በ1991 እ.ኤ.አ. ያቋቋመው ይህ ተቋም ትምህርት ቤቶችን ይመዝናል፤ ዴሌ የተባለውን የቋንቋ ዲፕሎማም ይሰጣል።

ከ90 ቀን ለማይበልጥ ቆይታ የሼንገን ቪዛ፣ ከዚያ ለሚረዝም የተማሪ ቪዛ ያስፈልጋል። የኮርሱን ርዝመት ቀድማችሁ ወስኑ።

አሁን ወደ ቋንቋው። አማርኛ ተናጋሪ ባዶ እጁን አይሄድም። በስፓኒሽም ግሱ ራሱ ባለቤቱን ስለሚያሳይ “እኔ”፣ “እኛ” ማለት ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። የአክብሮት አነጋገርም አለ፤ አንቱታን የለመደ ሰው አይደናገርም። አናባቢዎቹ አምስት ብቻ ናቸው፤ እኛ ሰባት አሉን። የሚያስቸግረው የስሞች ጾታ ነው። ጠረጴዛ ሴት፣ መጽሐፍ ወንድ ነው፤ እንደ ስሜታችን የምንቀያይረው አይደለም። እያንዳንዱን ስም ከነጾታው አጥኑ።

ከቤተሰብ ጋር የምታርፉ ከሆነ፣ ምሳ በእኛ አቆጣጠር 8 ሰዓት ገደማ፣ እራት ከምሽቱ 3 ሰዓት አካባቢ ነው። ማዕዱን አትሽሹ፤ ከክፍል ውጭ ብዙ የምትናገሩት እዚያ ነው።

የአሁን ጊዜ ግሶችንና ቁጥሮችን እዚሁ ጨርሳችሁ ሂዱ። ውድ የከፈላችሁበት የመጀመሪያው ሳምንት ለንግግር ይዋል።