ልጄ ጆሮውን የሚይዘው ለምንድን ነው?

(በማኅበራችን የ10ኛ ዓመት ክብረ በዓል ላይ በአንድ አባል የቀረበ ንግግር)



የዝግጅት ኮሚቴው ስለ ልጅ አስተዳደግ አንድ ነገር እንድናገር ሲጠይቀኝ በመጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ መምህርም አይደለሁም። እ.ኤ.አ. በ2001 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በተነሣው ረብሻ ትምህርቴን አቋርጬ፣ በኬንያ በኩል ተሰድጄ እዚህ የደረስኩ፣ ዛሬ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ታክሲ እየነዳሁ የምተዳደር ሰው ነኝ። ባለቤቴ ግን ‹‹እኛ ዝም ካልን እንደ እኛ ያለውም ሰው ዝም እንዳለ ይቀራል›› አለችኝ። ስለዚህ ከእሷ ጋር ተመካክሬ የቤታችንን ጉዳይ ላወራችሁ መጥቻለሁ። የልጄን ስም አልጠራም፤ ሲያድግ ታሪኩን ራሱ እንዲናገረው እፈልጋለሁና። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በዚህ አገር አቆጣጠር ነው።

ልጃችን የባለቤቴ የታናሽ እህቷ ልጅ ነው። እናቱ እሱን በወለደች በጥቂት ወራት ውስጥ አረፈች። አያቱ አቅም ስላልነበራቸው ሕፃኑ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የሕፃናት ማሳደጊያ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ቆየ። እኔና ባለቤቴ ልጅ አልነበረንም፤ ስለዚህ በጉዲፈቻ ልናሳድገው ወሰንን። ጉዲፈቻ የሚለውን ቃል አማርኛችን ያገኘው ከኦሮምኛ ነው፤ በኦሮሞ ሕዝብ ወግ የጉዲፈቻ ልጅ ከአብራክ ክፋይ አይለይም። ወረቀቱ ብዙ ደጅ አስጠንቶን በመጨረሻ በ2015 ልጁ በሦስት ዓመቱ ሚኒያፖሊስ አውሮፕላን ማረፊያ ደረሰ። በጥር 2018 የኢትዮጵያ ፓርላማ የውጭ አገር ዜጎች ኢትዮጵያውያን ሕፃናትን በጉዲፈቻ እንዳይወስዱ በሕግ ከለከለ። ጥቂት ዓመታት ብንዘገይ ኖሮ ያ መንገድ ይዘጋብን ነበር።

ልጁ እንደ መጣ የተለየ ነገር አየንበት። አይናገርም ነበር። የሚራመደው በእግር ጣቱ ነው። ምንጣፍ መጥረጊያው ማሽን ሲነሣ ሁለት ጆሮውን ይዞ አልጋ ሥር ይገባል። እንጀራ እጁን ሲነካው ይንዘፈዘፋል፤ የሚበላው ደረቅ ዳቦና ቆሎ ብቻ ነበር። ክረምት ሲመጣማ የሚኒሶታን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ካፖርት፣ ጓንትና ቦት ጫማ ማልበስ በየጠዋቱ ጦርነት ሆነብን። እኛም ‹‹አገር ለውጦበት ነው፤ ይለምዳል›› አልን። ‹‹ወንድ ልጅ ዘግይቶ ነው የሚናገረው›› ያሉንም ነበሩ። እንዲህ እያልን አንድ ዓመት ሙሉ አለፈ። ዛሬ የምቆጨው በዚያ ዓመት ነው።

አሁን የምነግራችሁን ለመናገር ይከብደኛል። አንድ ቅዳሜ ማታ ሰርግ ተጠርተን ሄድን። ከበሮው ተመታ፣ እልልታው ቀለጠ፣ ማይክራፎኑም እያፏጨ ጮኸ። ልጄ መሬት ላይ ወድቆ መንፈራገጥና መጮህ ጀመረ። አንድ ሽማግሌ ‹‹ይህ ልጅ አርጩሜ አንሶታል›› አሉ። ከወዲያ በኩል ደግሞ ‹‹የማደጎ ልጅ ስለሆነ አሞላቀቁት›› ሲባል ሰማሁ። ኀፍረትና ንዴት አንድ ላይ ያዙኝ። ልጁን ተሸክሜ ወደ መኪና ማቆሚያው አወጣሁትና መታሁት፤ እየመታሁትም እጮኽበት ነበር። ልጁ አላለቀሰም። አንድ እጁን ጆሮው ላይ አደረገ፤ ሌላውን እጁን ዘርግቶ የእኔን አፍ ከደነ። መናገር ያልቻለው ልጅ ‹‹ድምፅህ አመመኝ›› ማለቱ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ያን ሌሊት አልተኛሁም። በነጋታው ሐኪም መፈለግ ጀመርን።

ብዙዎቻችን ባናውቀውም በዚሁ በከተማችን በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ በጉዲፈቻ የመጡ ልጆችን የሚመረምር ክሊኒክ አለ። በ1986 ዶክተር ዴና ጆንሰን ያቋቋሙት ሲሆን በአሜሪካ በዓይነቱ የመጀመሪያው ነው። ልጃችን እዚያ ታየ። የዕድገት መዘግየት እንዳለበትና የስሜት ሕዋሳቱ የሚያመጡትን ነገር አእምሮው ለማስተናገድ እንደሚቸገር ነገሩን። ይህን ሁለተኛውን ‹‹ሴንሰሪ ፕሮሰሲንግ›› ይሉታል።

እኔ የተረዳሁት በሥራዬ ቋንቋ ነው። መገናኛ ወይም ቦሌ የታክሲ ተራ አስከባሪ አይታችኋል። ተራ አስከባሪው ‹‹አንተ ቅደም፣ አንተ ቆይ›› እያለ መኪናውን ያሰልፋል። እሱ የሌለ ቀን ሁሉም በአንድ ጊዜ ይገባና መንገዱ ይዘጋል። የእኛ አእምሮ የመብራቱን ጩኸት፣ የሸሚዙን ኮሌታ፣ የጎረቤቱን ወሬ ‹‹ቆይ›› እያለ ዋናውን ነገር ያስቀድማል። በልጄ አእምሮ ውስጥ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ይገባል። መንገዱ ሲዘጋበት ይጮኻል፤ ጥጋብ ወይም ቅብጠት ሆኖ አይደለም።

በዚህ ነገር ላይ ቀድመው ብዙ የሠሩት ጂን ኤርስ የተባሉ አሜሪካዊት የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያ ናቸው፤ ታዋቂ መጽሐፋቸው የወጣው በ1972 ነው። እኛ በትምህርት ቤት የተማርነው አምስቱን የስሜት ሕዋሳት ነበር። እሳቸው ሁለት ሌሎችን አጥብቀው ያነሣሉ፤ አንዱ በውስጥ ጆሮ ያለው የሚዛንና የእንቅስቃሴ ስሜት ነው፤ ሌላው በጡንቻና በመገጣጠሚያ ያለው፣ እጅና እግራችን የት እንዳለ የሚነግረን ስሜት ነው። ይህን ስሰማ እናቴ ትዝ አለችኝ። እናቶቻችን ሕፃኑን በአንቀልባ አጥብቀው አዝለው፣ እያወዛወዙ፣ ጀርባውን እየቸበቸቡ ቡና ሲወቅጡ ለእነዚህ ለሁለቱ ስሜቶች ምግብ ይሰጡ ነበር። ልጄ በዚያ ማሳደጊያ ጥቂት ሠራተኞች ለብዙ ሕፃናት ስለነበሩ አብዛኛውን ቀን ያሳለፈው አልጋ ላይ ነው። ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ አቅማቸው ያ ነበር።

ይህ ነገር በሩማንያም ታይቷል። ከ2000 ጀምሮ በቡካሬስት በሕፃናት ማሳደጊያ ባደጉ ልጆች ላይ ጥናት ተካሂዷል፤ ከመሪዎቹ አንዱ ፕሮፌሰር ቻርልስ ኔልሰን ያን ጊዜ እዚሁ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ ነበር። ጥናቱ ከማሳደጊያ ወጥተው ቤተሰብ ያገኙ ልጆች እንደሚሻሻሉ፣ በተለይም ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ቤተሰብ ያገኙት የበለጠ እንደሚያገግሙ አሳይቷል። ይህን ሳነብ ደነገጥኩ፤ ልጄ የመጣው በሦስት ዓመቱ ነዋ። ሐኪሟ ግን ‹‹የዘገየ ማለት የተዘጋ ማለት አይደለም›› አለችኝ። ያቺን ቃል ይዤ ነው እስከ ዛሬ የምሄደው።

ታዲያ በቤታችን ምን አደረግን? ቴራፒስቷ ከባድ ብርድ ልብስ እንድንገዛ ስትነግረን ባለቤቴ ጋቢ አወጣች። ጋቢውን አራት አጥፈን ልጁን አጥብቀን ስንጠቀልለው እንደ ተአምር ጸጥ አለ። የሸሚዙን ምልክት ከአንገቱ ላይ ቀደድን። ካፖርቱን ከማልበሳችን በፊት ክንዱንና ትከሻውን ጫን ጫን እያደረግን እናሸዋለን። እንጀራውን በግድ አላበላነውም፤ መጀመሪያ ድርቆሽ ሰጠነው፤ ከብዙ ወራት በኋላ በወጥ የራሰውን ቀመሰ። እንቅልፍ እምቢ ባለው ሌሊት ደግሞ እኔ ከሥራ ስገባ ታክሲዬ ውስጥ አስቀምጠው ነበር። በ94 አውራ ጎዳና ከሴንት ፖል ሚኒያፖሊስ፣ ከዚያም ስንመለስ ሚሲሲፒን ሳይሻገር ይተኛል። ያለ ሒሳብ የጫንኩት ደንበኛ እሱ ብቻ ነው።

ትምህርት ቤቱ ሌላ ፈተና ነበር። በመጀመሪያው ስብሰባ ስድስት ሰው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ ወረቀት ሰጡኝ፤ ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ሰው ስለሆንኩ ‹‹አልገባኝም›› ማለት አፈርኩና ፈረምኩ። ከወራት በኋላ አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ስወስዳቸው ነገሩን አጫወትኳቸው። እሳቸው ናቸው ብሉሚንግተን የሚገኘውን ፔሰር ሴንተርን የነገሩኝ። ፔሰር በ1977 የተቋቋመ፣ የአካል ጉዳትና የዕድገት ችግር ላለባቸው ልጆች ወላጆች ያለ ክፍያ ምክር የሚሰጥ ድርጅት ነው። ከዚያ የተማርኩትን ባጭሩ ልንገራችሁ፦

አንደኛ፣ ከ1975 ጀምሮ በወጣው የፌዴራል ሕግ እንዲህ ያለ ልጅ ሁሉ ለእሱ የሚስማማ ትምህርት በነፃ የማግኘት መብት አለው። ለእሱ ብቻ የሚዘጋጀው የትምህርት ዕቅድ አይ.ኢ.ፒ. ይባላል፤ ወላጅም ከዕቅዱ አውጪዎች አንዱ ነው።

ሁለተኛ፣ ልጃችሁ እንዲመረመር ለትምህርት ቤቱ በጽሑፍ ጠይቁ። በሚኒሶታ ወላጅ ከፈቀደ በኋላ ምርመራው በ30 የትምህርት ቀናት ውስጥ ማለቅ አለበት። አስተርጓሚ ጠይቁ፤ እንግሊዝኛ ብታውቁም ጠይቁ። ወረቀቱን ቤት ወስዳችሁ አንብቡ፤ እዚያው ፈርሙ የሚል ሕግ የለም።

ሦስተኛ፣ ልጁ ገና ትምህርት ቤት ካልገባ ‹‹ሄልፕ ሚ ግሮው›› በሚባለው የሚኒሶታ አገልግሎት በኩል ማስመርመር ይቻላል። ገቢያችሁንም ሆነ የመኖሪያ ወረቀታችሁን አይጠይቅም።

አራተኛ፣ ገቢያችን ከፍ ስላለ የመንግሥት የጤና መድን አይሰጠንም የምትሉ ቴፍራ ስለሚባለው መንገድ ጠይቁ። ከባድ ችግር ያለበትን ልጅ በወላጁ ገቢ ሳይለካ የሚያስገባ ነው። ቀድሞ ወላጅ በየወሩ መዋጮ ይከፍልበት ነበር፤ ከሐምሌ 2023 ጀምሮ ግን ቀርቷል።

የተከበራችሁ ወገኖቼ፣ የእኔ ልጅ የተሰጠው ስም ኦቲዝም አይደለም፤ ነገር ግን ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ጋር ጎረቤት ነው፤ በእኛ መካከል ያለው ሐሜትም ለሁለቱ አንድ ነው። አንዱ እርግማን ነው ይላል፤ ሌላው ክትባት ነው ይላል። ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያዘው የ1998 ጽሑፍ ስሕተትነቱ ታውቆ መጽሔቱ ራሱ በ2010 ሰርዞታል። በዚህ ወሬ ምክንያት ግን በ2017 በዚሁ በሚኒሶታ ከ70 በላይ ሰዎች በኩፍኝ ታመሙ፤ አብዛኞቹ ያልተከተቡ የሶማሌ ጎረቤቶቻችን ልጆች ነበሩ። ወሬ ልጅ ያሳምማል።

በአገራችንም ዝምታውን የሰበሩ ሰው ነበሩ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ከአሜሪካ ተመልሰው ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ሲያጡ፣ በ2002 አዲስ አበባ ላይ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። በዚያን ዘመን እንዲህ ያለ ልጅ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የሚደበቅ ነበር። እሳቸው ልጃቸውን ይዘው አደባባይ ወጡ። በ2021 አረፉ፤ ሥራቸው ግን አለ። አዲስ አበባ ላይ አንዲት እናት ይህን ከቻለች፣ እኛ ሕጉም ክሊኒኩም ባለበት አገር ልጆቻችንን የምንደብቅበት ምክንያት ምንድን ነው?

ልጄ ዛሬ 13 ዓመቱ ነው። ሁሉ ነገር ተቃንቷል ብዬ አልዋሻችሁም። ንባቡ ከእኩዮቹ ወደ ኋላ ነው፤ ሰው የበዛበት ቦታ ዛሬም ያስጨንቀዋል፤ ስለ ወለደችው እናቱ የሚጠይቀንም አሁን አሁን ነው፤ የምናውቀውን ሳንደብቅ እንነግረዋለን። ነገር ግን ባለፈው እንቁጣጣሽ ጆሮ መሸፈኛውን አድርጎ ከእኛ ጋር እዚህ አዳራሽ መጣ። ሃያ ደቂቃ ያህል ተቀመጠ። ከዚያ እጄን ነካ አድርጎ ‹‹አባ፣ በቃኝ›› አለኝ። አልጮኸም፤ ነገረኝ። ተነሥተን ወጣን። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ ያላገኘሁት ዲግሪም አይሰጠኝም ነበር።

በመጨረሻ ማኅበራችንን ሁለት ነገር እለምናለሁ። ከሚቀጥለው እንቁጣጣሽ ጀምሮ ከዚህ አዳራሽ ጎን ያለችው ትንሿ ክፍል መብራቷ ደብዘዝ ብሎ፣ ምንጣፍና ጥቂት ጋቢ ተደርጎባት ለእንዲህ ያሉ ልጆች ትከፈት። ሁለተኛ፣ ወደ ትምህርት ቤት ስብሰባ ብቻውን መሄድ ለሚፈራ ወላጅ አብሮ የሚሄድ ሰው ከመካከላችን ይመደብ። ለመጀመሪያው ስሜን አስመዝግቤያለሁ፤ መኪናውም የእኔ ነው።

እናንተንም አንድ ነገር እለምናለሁ። ነገ በአንድ ድግስ ላይ ልጅ መሬት ወድቆ ሲጮኽ ብታዩ ወላጁን አትምከሩት። ማይክራፎኑን ዝቅ አድርጉለት፤ በሩንም ክፈቱለት።